የሌሊቱ አምፖል

እውነቱን ልናገር፤ ነገሌ ቦረና ላይ ተቀምጬ የምሳሳለት ነገር የማይበላ፣ የማይታለብ፣ ገበያ የማይወጣ ነው። ክሪሳንቲመም አበባ፣ ያውም ዘግይቶ የሚያብበው ዓይነት። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ አበባ አጠጣለሁ ማለት ስለሚያሳፍረኝ ስለ እሱ ለሰው አላወራም ነበር። ነፍሴን ስመረምር ግን ከውሃው የጠለቀ ነገር አገኘሁባት።

ይህ አበባ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ዕፅዋት የቀንና የሌሊትን ርዝመት ለይተው እንደሚያብቡ ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። የአውሮፓ በጋ ቀኑ ረጅም ስለሆነ ተክሉ በቅጠል ብቻ ይቆያል። ነገሌ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን አጭሩን በ40 ደቂቃ እንኳ አይበልጠውም። ሌሊቱ ሁልጊዜ ስለሚበቃው ተክሉ ቁመት ሳያወጣ እምቡጥ ይይዛል። ስለዚህ በላስቲክ ቤቴ ውስጥ ከሌሊቱ 5 እስከ 8 ሰዓት አምፖል አበራለታለሁ። ጨለማው ለሁለት ሲከፈል ሌሊቱ ያጠረ መስሎት ማደጉን ይቀጥላል። ለገና እንዲደርስ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አጠፋዋለሁ። መብራት የተቋረጠ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይህ ሁሉ ለምን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ፣ የቦረና ከብት በየመንገዱ ሲረግፍ አይቻለሁ። ሽማግሌው ጸለየ፣ እረኛው ተሰደደ፤ ሰማዩ አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ልቤ የሚታዘዝላትን ነገር ፈለገች። ሳበራ የሚቆይ፣ ሳጠፋ የሚያብብ። ውበት እወዳለሁ የምለው ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ የማዘዝ ጥማት ነው።

ጥማቱን የማየው በጣቴ ላይ ነው። አንድ ትልቅ አበባ እንዲወጣ የመሃሉን እምቡጥ አስቀርቼ በዙሪያው ያሉትን፣ ገና ምስር እያከሉ ሳሉ፣ በአውራ ጣቴ ጥፍር እቀነጥባለሁ። ጥፍሬ አረንጓዴ ይሆናል፣ መራራው ሽታ እስከ ማታ አይለቀኝም። ለአንዱ ሲባል ብዙውን መቅጠፍ ያለበት ሥራ ነው፤ እጄ ግን አታመነታም። ይህን ፍጥነቷን እፈራዋለሁ።

ደግነቱ ተክሉ ሙሉ በሙሉ አልተገዛልኝም። ሙቀት ሲበረታ መብራቱ ቢጠፋም እምቡጡ ይዘገያል፤ ከፍ ብላ በቀዘቀዘችው የወደራ ከተማ ቢሆን ይቀለው ነበር። የላስቲኩን ጎን ገልጬ ንፋስ ከማስገባት በቀር የማደርገው የለም። በእነዚያ ቀናት መጠበቅን እማራለሁ፤ መጠበቅ ደግሞ በድርቁ ዘመን ያጣሁት ነገር ነበር።

አበባውን አልተወውም። አሁን የሚጠጣው ልብስ የተለቀለቀበትን ውሃ ነው፤ ከተተከለባቸው ባልዲዎችም የአንዷን እምቡጥ ሳልቀነጥብ እንዳሻት እንድታብብ ትቻታለሁ። ዝናቡ ዳግም ከቀረ ግን መጀመሪያ ውሃ የሚከለከለው እሱ ነው፤ ውሃው የሰውና የከብት ነው። ይህን ለራሴ ብቻ ቃል ብገባ ልቤን ስለማላምናት ለጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ። ቀኑ ሲመጣ ይጠይቁኝ።