ዐሥር ሜትርና አንድ እጅ

በጐንደር ደጋ የጠመንጃ ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ምንሽሩን፣ ውጅግራውንና ዲሞትፈሩን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተን ያደግን ነን። ሠርግ ሲሆን ይተኰሳል፤ የታላቅ ሰው ቀብር ሲሆንም ይተኰሳል። በወገራም ሆነ በስሜን «አልሞ ተኳሽ» መባል ከማዕርግ አያንስም። ይሁን እንጂ ስለ ሽጉጥ ኢላማ ውድድር ባነሣን ቍጥር ወዳጆቻችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጡናል። አንዳንዶቹ «ወረቀት መምታት ምን ጀግንነት ነው?» ብለው ይሥቃሉ። ሌሎቹ ግን ፊታቸው ጠቍሮ «በዚህ ጊዜ? በዚህ አገር?» ይላሉ። ለመጀመሪያዎቹ መልስ መስጠት ቀላል ነው። የኋለኞቹ ጥያቄ ግን በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ስለ ሆነ ስለ ሁለቱም ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል።

በቅድሚያ ለሚሥቁት። ለጀማሪ የሚመከረው ውድድር የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነው። ይህ መሣሪያ ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር ኀይል 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የእርሳስ ፍሬ ይወረውራል። ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴውል ነው። ተወዳዳሪው ምንም ሳይደገፍ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብቻ ይዞ፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኵሳል። 10 ነጥብ የሚያሰጠው የኢላማው መካከለኛ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ይህን ያስላ፦ በሽጉጡ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል 36 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ፍሬዋ ኢላማው ላይ ስትደርስ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ትስታለች፤ ነጥቡም ከ10 ወደ 7 ይወርዳል። እንግዲህ ይህን 60 ጊዜ ሳይታክት የሚያደርግ ሰው ከፎካሪ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኵስ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ብዙ ሰው ያን አቋም እንደ ኵራት ቈጠረው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ሥራ የሌለው እጅ ከተወዛወዘ ሰውነትን ስለሚያናጋ ኪስ ገብቶ ይታሰራል። ከባልደረባው ጋር በድብልቅ ውድድር የብር ሜዳልያ ያገኘው በእንዲህ ያለ ጸጥታ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማረው አፈሙዙን ከኢላማው አቅጣጫ ፈጽሞ እንዳያዞር፣ ለመተኰስ እስኪዘጋጅ ድረስ ጣቱን ከቃታው ውጭ እንዲያደርግ፣ «አቁም» ሲባልም ወዲያውኑ እንዲያቆም ነው። ቀጥሎ ዓይኑን በኢላማው ላይ ሳይሆን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ እንዲተክል ይነገረዋል፤ ጥቍሩ ክብ ደብዘዝ ብሎ ቢታየው ግድ የለም። ትንፋሹን በከፊል አስወጥቶ ይይዛል፤ ቃታውንም ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ ይስባል። ጥቂት ሴኮንዶች አልፈው እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መተኰስ የለበትም። እጁን ያወርዳል፤ ያርፋል፤ እንደገና ያነሣል። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ምስጢር፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ይኸው ነው፦ ሳይተኵሱ ማውረድን ማወቅ።

አሁን ወደ ፈሩት ወዳጆቻችን እንመለስ። በአገራችን ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሽጉጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። የእንግሊዝዋ ንግሥት ቪክቶሪያ በወዳጅነት ዘመን የላኩላቸውን ሽጉጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ ጠጥተው እንዳረፉ ይነገራል። የቋራው ሰው ሽጉጥ የሚታወሰው በአንዲት ጥይት ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን መሣሪያ በደጋችን ለቀልድ የሚነሣ ነገር አልሆነም። ሰሜን ጐንደር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት አይቷል፤ ዛሬ በየክፍሉ አብረውን ከሚማሩት መካከል ወንድም የቀበረ፣ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ አለ። እንዲህ ላለው ሰው የተኵስ ድምፅ ጨዋታ አይደለም። «ስፖርት ነው» ብለን ብንከራከረው ጆሮውን ልናሳምነው አንችልም፤ ልናስገድደውም አይገባም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ያለ መሣሪያ እንጀምር። አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከአንድ የአየር ሽጉጥ ክብደት ብዙም አይርቅም። ማታ ከጥናት በኋላ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ አንዱን እጅ ኪስ ከትቶ፣ ጠርሙሱን በሌላው እጅ ዘርግቶ ዐሥር ሴኮንድ መያዝ፣ ማውረድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መያዝ ይቻላል። የጤና ተማሪዎች የልብ ትርታቸውን ከልምምዱ በፊትና በኋላ ቈጥረው ይጻፉ። ሻምፒዮኖቹም ቢሆኑ ከልምምዳቸው ከፊሉን ያለ ጥይት፣ በባዶ ግድግዳ ፊት እንደሚያሳልፉ ለማያውቅ እንንገር። ይህ ልምምድ ገንዘብ አያስወጣም፤ ጎረቤት አያስደነግጥም።

ከአጎት ቤት ሽጉጥ መዋስ ወይም ከገበያ መፈለግ ግን በፍጹም አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የአየር ሽጉጥም ቢሆን አስቀድሞ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቆ፣ በፈቃድና በአሠልጣኝ ፊት ካልሆነ የሚነካ አይደለም። ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ዐሥር ሜትር ርዝመት ያለው ዝግ ክፍል፣ ፍሬውን የሚይዝ ግድግዳ፣ ቍልፍ ያለው ሣጥን፣ ቍልፉንም የሚይዝ ኀላፊነት ያለው ሰው።

አያቶቻችን መሣሪያ ማንሣትን አስተምረውናል፤ ስለዚህም እናከብራቸዋለን። የእኛ ትውልድ ትምህርት ግን ማውረዱ ቢሆን ደስ ይለናል። ሃይላንዱን ዛሬ ማታ ያነሣ ተማሪ የመጀመሪያው ነገር ክንዱ እንደሚንቀጠቀጥ ያያል፤ አይፈር። ያውርድ፤ ይረፍ፤ ነገም ይቀጥል።