ጥቁሩ አሸዋ

ቀን ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ። ከጻፍኋቸው ጥቂት ግጥሞች አንዱ ስለ ባሕር ነበር፤ ባሕርን ግን በዐይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ያየሁት ቢሮአችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ስለ ነበረ፥ በግጥሜ ውስጥ አሸዋው ነጭ፥ ውኃው ሰማያዊ፥ ማዕበሉም የዋህ ነበር።

ግጥሙን ያስጻፈችኝ በየወሩ መጀመሪያ በመስኮቴ የምትቆም አንዲት እናት ናት። ልጇ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት በእግሩ ወጥቶ ቀርቷል። «የኔ ልጅ፥ ዛሬስ ገብቷል?» ትለኛለች። ደብተሯን ተቀብዬ የማውቀውን ቁጥር እንደ አዲስ እመለከታለሁ። «ገና ነው፥ እማማ።»

ፊልም የሚሠራ ወዳጄ ያንን ግጥም አንብቦ አጭር ፊልም ካልሠራሁበት አለ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. እርሱ፥ የካሜራ ባለሙያው እና እኔ የቀረጻ ቦታ ልንመርጥ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረድን። የባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ገና አንድ ዓመቱ ነበር። የዓመት ፈቃዴን አሟጥጬ ነው የሄድሁት፤ የባንክ ሰው ለግጥም ሲል ፈቃድ ጠየቀ ቢባል ማን ያምናል?

ከከተማው በመኪና ወደ ምዕራብ ተጉዘን ጉቤት ከሚባለው የባሕር ክንድ ደረስን። ጉቤት በጠባብ በር ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የተገናኘ፥ በተራራ የተከበበ ውኃ ነው። ከእርሱ ማዶ፥ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፥ የአሳል የጨው ሐይቅ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ምድር እሳት የተፋው ነው፤ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1978) ነበርና ድንጋዩ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ያ የቀለጠ ዐለት በርዶ፥ ተሰባብሮ፥ ውኃ ሲፈጨው ጥቁር ጠጠርና ጥቁር አሸዋ ይሆናል። ከሰል የፈሰሰበት ደጅ ይመስላል። ነጩ አሸዋዬ እዚያው ሞተ።

ወዳጄ ግን በደስታ ሊሰክር ደረሰ። የካሜራ ባለሙያው ያጉረመርም ነበር፤ ካሜራው ጥቁሩን ሁሉ ጨለማ መስሎት ብርሃን ሲያበዛ ሰማዩ ነጥቶ ይጠፋል፤ ነፋሱ ድምፅ አያስቀርጽም፤ ከረፋዱ በኋላ አሸዋው ባዶ እግር አያስረግጥም። ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ፥ መኪና የሚቆምበትን ቦታ መዘገብን። እኔም በደገኛ የዋህነት ቦርሳዬን ውኃው ዳር አስቀምጬ ዞር ስል ባሕሩ መጥቶ አራሰው። ባሕር እንደ ሐይቅ ባለበት የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር።

«እናትየዋ የት ትቁም?» አለኝ ወዳጄ። ግጥሙ የአንተ ነው፥ አሳየኝ ማለቱ ነው። እጄን አንሥቼ ላሳየው አልቻልሁም።

ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ አምስት ልጆች ወደ እኛ የወረዱት። ከእነርሱ ትልቁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። በገመድ ያንጠለጠሏቸው ቢጫ ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ። ሹፌራችን አንድም ቃል ሳይናገር ውኃ ያወርድላቸው ጀመር። አንዱ ጠጥቶ አፉን እየጠረገ፥ በሚጎተት አማርኛ፥

«ጋሼ፥ ባሕሩ ይኼ ነው?» አለኝ።

ሹፌሩ ቀድሞኝ መለሰ። ይህ ክንዱ ነው፤ ጀልባው ያለው ኦቦክ ነው፤ እስከዚያ በእግር ገና ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ልጁ ጥቁሩን አሸዋ ተመለከተ፥ ተራራውንም ተመለከተ። «እሺ» አለ ብቻ።

ተመለሱ ልላቸው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እንኳ። ነገር ግን ወዴት ብዬ? በኪሴ የመመለሻ የባቡር ትኬት ይዤ፥ ደመወዜ በወሩ መጨረሻ እንደሚገባ እያወቅሁ፥ ለፊልም ባሕር መርጬ የቆምሁ ሰው ነኝ።

ወዳጄ ለሙከራ ያህል በዳርቻው ሲራመዱ ላንሣቸው ብሎ ካሜራውን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። አራቱ ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ። ያ የጠየቀኝ ልጅ ግን እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፥ ተዉ። እናቴ ታየኛለች። ድሬዳዋ ሥራ ይዣለሁ ነው ያልኋት።»

ወዳጄ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወዲህ እስክንመለስ ድረስ ከመያዣው አላወጣውም። ፊልሙም አልተሠራም፤ እርሱ ገንዘቡ አልተገኘም ይላል፥ እኔም አልከራከረውም።

ሰኞ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ጥቁር አሸዋ ተረከዜን ቆረቆረኝ። ሳላራግፈው ወደ ሥራ ሄድሁ። ወሩ ብቶ ነበርና እናትየዋ ከሰልፉ አራተኛ ነበረች።

«ያለፈው ሳምንት መጥቼ አጣሁህ፥ የኔ ልጅ። ደኅና ነህ? የት ሄደህ ነበር?»

«ትንሽ አሞኝ ነበር፥ እማማ» አልኋትና ደብተሯን ተቀበልሁ።