የልጅቷን ፀጉር ማን ይሥራ?

መስከረም ሲቃረብ ስለ ትምህርት የሚወራው ወሬ የታወቀ ነው፤ የደብተር ዋጋ፣ የዩኒፎርም ክፍያ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ደመወዝ። ሁሉም ተገቢ ወሬ ነው። ሴት ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው፣ በዜናም በስብሰባም የማይነሳ አንድ ጉዳይ ግን አለ። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ክፍል እንድትገባ፣ እሑድ ከሰዓት የሆነ ሰው ጉልበት መሀል ሁለት ሰዓት ያህል መቀመጥ አለባት። ያ ጉልበት ከሌለ ምላጭ ይመጣል።

ቢታ ገነት የሚኖር አንድ አባት ይህን የተረዳው ባለቤቱ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ነው። ቢታ ገነት ከቦንጋ በስተ ምዕራብ የምትገኝ የካፋ ዞን ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ ሰው ቡና ይለቅማል፣ እንሰት ይተክላል፣ ትልልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል። ሰውየውም የሚተዳደረው በዚሁ ነው። ልጁ ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ብዙና ጥቅጥቅ ያለ፣ ደረቁን ሲያበጥሩት የሚዶ ጥርስ የሚሰብር ዓይነት ነው። እናቷ በመሄጃዋ ዋዜማ ሹሩባ ሠርታላት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ጎረቤት አንድ ጊዜ ሠራችላት፣ አክስቷ አንድ ጊዜ። ቡናው ሲቀላ ግን ሴቶቹ ሁሉ ለቀማ ገቡ፤ የሰው ልጅ ፀጉር ለመሥራት ጊዜ ያለው ጠፋ። ፀጉሩ ተያያዘ፣ ተቋጠረ። ከትምህርት ቤት በልጅቷ በኩል መልእክት መጣ፤ "ወይ አሠሩላት፣ ወይ አስላጯት።"

መልእክቱ ከክፋት የመጣ አይመስልም። በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነው ራስ ለራስ ተነካክተው የሚቀመጡ ልጆችን የሚያስተምር ሰው ቅማል በአንድ ሳምንት ክፍሉን እንዴት እንደሚያዳርስ ያውቃል። ለቅማል ደግሞ ምላጭ በእርግጥ ይሠራል፤ ቅጫሙ የሚጣበቀው ፀጉሩ ላይ ስለሆነ ፀጉሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ቆረቆር ላይ ነው። ቆረቆር ከፈንገስ የሚመጣ የራስ ቆዳ በሽታ ነው፤ በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በፀጉር መቁረጫ ይተላለፋል። አንዱ ምላጭ ወይም አንዱ ማሽን ሳይጸዳ አሥር ልጅ ራስ ላይ ሲዞር፣ ለንጽሕና ተብሎ የተላጨው ልጅ በሽታውን ከዚያው ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከያዘ በኋላ መላጨት ብቻውን አያድነውም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ ቅባትም ብቻውን አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ "ላጯቸው" የሚለው ትእዛዝ አንዱን በሽታ ሲያባርር ለሌላው በር ይከፍታል።

እውነቱን ለመናገር መላጨት በራሱ ነውር ሆኖ አያውቅም። ድሮ የልጅ ራስ ሲላጭ እንኳ ቅርጽ ነበረው። ወንዱ መሀል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፣ ሴቷ ጋሜ ትሆናለች፣ ከፍ ስትል ሳዱላ። ጋሜና ሳዱላ ከፀጉር ስምነት አልፈው የዕድሜ ስም እስከ መሆን ደረሱ፤ ቁንጮማ ዛሬ የባለሥልጣን መጠሪያ ሆኗል። ያ ሁሉ ግን የሆነ ሰው ልጁን አስቀምጦ፣ ራሱን በእጁ ይዞ፣ አስቦበት የሠራው ነበር። ሰኞ ጠዋት ከመቀጣት ለመዳን በችኮላ የሚላጭ ራስ ከዚያ ጋር አይመሳሰልም።

የአባትየው ቤት ወዳለው ነገር እንመለስ። እናት ስትሄድ ከቤቱ የሚጎድለውን ነገር አስቀድሞ የሚቆጥር የለም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ በኋላም ተሻሽሏል። ስለ ኤጀንሲ ፈቃድ፣ ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ኢንሹራንስ ብዙ ይላል። ሕግ የልጅ ፀጉር ይደንግግ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን እናቶችን በሺዎች የሚሸኝ አገር፣ እነሱ በነፃ ይሠሩት የነበረው ሥራ ማን እጅ ላይ እንደወደቀ መጠየቅ ነበረበት። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው አያት እጅ ላይ ነው። አያት ከሌለች ታላቅ እህት እጅ ላይ፤ እሷም ራሷ ገና ተማሪ ናት። አባት እጅ ላይ ሲወድቅ ግን እንደ ጉድ ይታያል።

ሚስትየው የምትደውለው በኢሞ ነው፤ የአሠሪዎቿ ቤት ሲተኛ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ። ኔትወርኩ ሲፈቅድ። የመላጨቱን ነገር ሲነግራት ጥቂት ዝም አለች።

"እንዳታስላጫት እባክህ" አለችው። "ሹሩባ አትችልም። ሁለት ሁለቱን ብቻ ጠምዝዘው። ገመድ ትገምድ የለም እንዴ?"

አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ውስጥ "ትዊስት" የሚባለው ይኸው ነው። ሹሩባ ሦስት ዘለላ ይፈልጋል፤ ከራስ ቆዳው ጋር እየተያያዘ፣ በየእርምጃው አዲስ ፀጉር እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ የለመደ ጣት ይጠይቃል። ትዊስት ሁለት ዘለላ ብቻ ነው። ካፋ ውስጥ ደግሞ ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የወጣ ሰው ሁሉ ስለ ገመድ ጥቂት ያውቃል፤ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። የእንሰት ቃጫ የገመደ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል። እያንዳንዱን ዘለላ ለብቻው ወደ አንድ አቅጣጫ ታከረዋለህ፤ ከዚያ ሁለቱን እርስ በርስ በተቃራኒው አቅጣጫ ትጠመዝዛለህ። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን የጠመዘዘ ሰው ገመዱ እጁ ላይ ይበተንበታል። ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች "ለምን ይፈታብኛል?" የሚሉት ይህን ስላላወቁ ነው። አባትየው ይህን ክፍል ማንም ሳያስተምረው ቻለው።

ያልቻለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ልጅቷ እንድትጮህ ያደረጋት ማበጠሩ ነበር። ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ ሲጎትት ቋጠሮው ሁሉ ጫፍ ላይ እየተከማቸ ይጠብቃል። እናት በስልኩ ውስጥ ሆና አስተካከለችው፤ መጀመሪያ ውኃ እርጭበት፣ ከዚያ ቅባት፣ ከዚያ ከጫፍ ጀምረህ ጥቂት ጥቂት እያልክ ወደ ላይ። ሥሩን በግራ እጅህ ያዝላት፣ ጉተታው ራሷ ድረስ እንዳይደርስ። ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ከገበያ ተገዛ። ቅባቱን በተመለከተ ክርክር ነበር። እናት ለጋ ቅቤ አለች፤ አባት ቅቤው ለወጥም አልበቃ አለ። በቫዝሊን ተስማሙ፤ ጥቂት፣ ጣት ላይ ታሽቶ።

ራሱን በአራት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን በሦስት፣ አሥራ ሁለት ትዊስት ሠራ። መስመሮቹ ጠማማ ነበሩ። ጫፉን በጎማ ላስቲክ ሊያስር ሲል እናት ከለከለችው፤ ላስቲክ ፀጉር ይበጥሳል። ጣትህ ላይ ጠቅልለህ ልቀቀው፣ ራሱ ይይዛል አለችው፤ ያዘ። ማታ ሻሽ ይታሰርላታል። ሁለት ሳምንት ይቆያል።

የካፋ ዝናብ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በዓመቱ አብዛኛው ወር በሚዘንብበት አገር የታጠበ ፀጉር በቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን ተጠምዝዞ ሲያድር ይሸታል፣ ራስ ያሳክካል። ስለዚህ የሚታጠበው ፀሐይ በወጣች ቀን ጠዋት ነው፣ ቅዳሜም ይሁን ማክሰኞ። ለዚህ ቤት የፀጉር ቀን የሚወሰነው በሰማዩ ነው።

ጎረቤት ሳቀ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ወንድ ልጅ ጉልበቱ መሀል ሴት ልጅ አስቀምጦ ፀጉር ሲሠራ ማየት ለብዙዎች ቀልድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ የሴት ፀጉር የሚሠራ ወንድ ሞልቶ ሳለ፣ ለገዛ ልጁ በነፃ ሲሠራ ነው የሚያስቀው። ሳቁ ታሪክም አያውቅም። በዚህ አገር ሹሩባ የወንድ፣ ያውም የጦረኛ ምልክት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሲሣሉ ያለ ሹሩባ አይሣሉም። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከፀጉራቸው የተቆረጠው እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ነው ለኢትዮጵያ የተመለሰው። መንግሥት ሚኒስትር ልኮ የተረከበው ፀጉር፣ በሕይወት ሳለ የሆነ ሰው ተቀምጦ ይጎነጉነው ነበር።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም አለ። ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ የቢታ ገነቷን ልጅ የሚያህል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ፤ ልጁ በካፒቴን ስፒዲ እጅ እንግሊዝ ገባ፣ በ18 ዓመቱም ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ዛሬም እዚያው ነው። በስፒዲ ቤተሰብ እጅ የቆየ አንድ የፀጉሩ ዘለላ ግን በመስከረም 2016 ለንደን ላይ ተመልሷል። እናቱን ባጣ በዚያ ዓመት የዚያን ልጅ ራስ ማን እንዳበጠረው መዝገብ አይነግረንም። ጥያቄው ግን ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሌላው ዓለምም ይህን ጥያቄ የተረዳው በቅርቡ ነው። በየካቲት 2012 ለአጭር አኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው "ሄር ላቭ" ታሪኩ አንድ ጥቁር አባት የልጁን ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሥራት ሲታገል የሚያሳይ ነው፤ እናትየው ሆስፒታል ናት። የፊልሙ ባለቤት ማቲው ቼሪ ወደ ሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ይዞት የሄደው እንግዳ ደግሞ ፀጉሩን እንዲቆርጥ ትምህርት ቤቱ ያዘዘው የቴክሳስ ተማሪ ዲአንድሬ አርኖልድ ነበር። እዚያ ጉዳዩ የቀለም ነው፣ እዚህ የድህነትና የጊዜ። ትምህርት ቤት በር ላይ ፀጉሩ ተቆጥሮበት የሚመለሰው ልጅ ግን በሁለቱም አገር ያው ልጅ ነው።

አንድ ነገር ለትዊስት መመስከር ያስፈልጋል። ባህላችን ነው ብለን ስለ ሹሩባ ስናወራ የማናነሳው ጉዳይ ጥበቱ ነው። ብዙ ሴት ልጆች ሹሩባ በተሠሩ ማግስት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ቅንድባቸው ተስቦ፣ ግንባራቸው ጠርዝ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር አውጥቶ ይታያሉ። "ቻይው፣ ይላመዳል" ይባላሉ። ብዙ ሲደጋገም ግን በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ፀጉር መሳሳት ይጀምራል፤ ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ይሞትና ሳይመለስ ይቀራል። ቅጥያ ሲጨመርበት ክብደቱም ይጎትታል። ከግንባሯ የሸሸ ፀጉር ያላት ጎልማሳ ሴት ሁሉ በዘር የመጣ እየመሰላት ይሆናል፤ ልጅ ሳለች የጀመረ ሊሆን ይችላል። ሳይጠብቅ የተሠራ ትዊስት ከሥሩ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ይህን አያደርስም። ያልሠለጠነ የአባት እጅ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ማጥበቅ አያውቅም።

ትምህርት ቤቶች ምን ያድርጉ? ብዙ ወጪ አያስፈልግም። "ወይ አሠሯት ወይ አስላጯት" ከማለት በፊት ቅማሉን ከቆረቆሩ መለየት፣ ቆረቆር የያዘውን ጤና ጣቢያ መላክ፣ የሚላጭም ካለ ምላጩ ለአንድ ራስ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ ስለ መጸዳጃና ስለ ክትባት የሚሰጡት ምክር አለ፤ አምስት ደቂቃ ስለ ልጅ ራስ ቢጨምሩ፣ ያውም አባት ባለበት፣ የሚከለክላቸው የለም። በቀለማ ወቅት ደግሞ ሁለት ሳምንት መታገስ ይቻላል። ቡናው የሚለቀመው በማን እጅ እንደሆነ መምህሩም ያውቃል።

የቢታ ገነቷ ልጅ አልተላጨችም። ደስተኛ ናት ማለት ግን አይደለም። ክፍል ውስጥ "ገመድ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ እሷም የምትፈልገው እንደ ጓደኞቿ ሹሩባ ነው፣ ለገና። "አባዬ፣ እንደ እማዬ አድርገህ" ትለዋለች። የእናቷ ውል ሊያልቅ አሥራ አራት ወር ይቀረዋል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢሠራ ሠላሳ ጊዜ ያህል ነው። ከሳቁት ጎረቤቶች አንዷ በእንሰት ቃጫ ልታሳየው ተስማምታለች። ሦስተኛው ዘለላ መቼ እንደሚገባ ግን እስካሁን አልያዘለትም።