ክረምትና ዝውውር በአልዌሮ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይመጣሉ፤ አንደኛው ዝናብ ነው፤ ሁለተኛው የተጫዋቾች ዝውውር ነው። ዝናቡ ባሮን ይሞላል፤ የአልዌሮንም ግድብ ያጠግባል። ዝውውሩ ደግሞ የእኛን የተማሪዎቹን ልብ ይሞላል። ትምህርት ተዘግቶ ወደ ጋምቤላ እንመለሳለን፤ ከከተማውም ወደ ደቡብ 40 ያህል ኪሎ ሜትር ተጉዘን አቦቦ እንደርሳለን። እዚያም ከግድቡ አጠገብ ያገኘነው ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብሎ አይጠይቀንም፤ «አጥቂ ገዛን ወይ?» ብሎ ይጠይቀናል።

«ገዛን» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን። ገዢው በለንደን ከተማ የሚገኘው አርሰናል የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ነው። ጠያቂው ግን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ወይም የእርሻ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ወይም እንደኛው ተማሪ ነው። ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፤ ዳሩ ግን ግዢው የእርሱ ነው። ተጫዋቹ መልካም ሆኖ ከተገኘ ያተርፋል፤ መናኛ ሆኖ ከተገኘም ይከስራል።

ይህን በሚመለከት ሁለት ዐይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው የአባቶቻችን ፍርድ ነው። «እናንተን የማያውቅ ፈረንጅ ቢያሸንፍ ምን ይተርፋችኋል? ቢሸነፍስ ለምን እራት ትከለክላላችሁ?» ይላሉ። ሁለተኛው የአንዳንድ ጓደኞቻችን ፍርድ ነው፤ ነገሩን ከባዕድ አምልኮ ጋር ቈጥረው፣ የአገሩን የናቀ ሰው ሥራ ነው ብለው ይደመድማሉ። እኛ ግን ሁለቱም ጉዳዩን ከሥሩ ያዩት አይመስለንም። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ነገሩን ትንሽ ገለጥ አድርገን ለማየት አስበናል። የኳሱን ዘመን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የሩቅ ደጋፊ ምን ያህል ዐዋቂ እንደ ሆነ እንናገር። ከአልዌሮ አጠገብ ያደገ አንድ ልጅ፣ አርሴን ቬንገር በ1996 መጥቶ በ2018 እስኪሰናበት ድረስ ክለቡን 22 ዓመት እንዳሠለጠነ ያውቃል። በ2003ና 2004 የውድድር ዘመን ክለቡ 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ እንደ ወሰደ፣ ያን ጊዜ ገና ያልተወለደው እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። በ2006 ከአሮጌው ሜዳ ወደ አዲሱ ስታዲየም መዛወር ስላስከተለው ዕዳ ይተነትናል። በ2012 ካፒቴኑ ቫን ፐርሲ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሽጦ፣ በማግሥቱ ዓመት ለባላጋራችን ዋንጫ እንዳስገኘ ሲነሣ፣ ቁስሉ ገና ያልደረቀ ሰው ፊት ይታይበታል። ኦዚል በ2013 በ42 ሚሊዮን ተኩል፣ ዴክላን ራይስም በ2023 ተጨማሪው ተደምሮ በ105 ሚሊዮን ፓውንድ እንደ ተገዙ ይነግርሃል። የአሜሪካዊው ባለጸጋ የክሮንኬ የአክሲዮን ድርሻ በ2011 ከግማሽ በላይ እንደ ሆነ፣ በ2018ም ክለቡን ጠቅልሎ እንደ ያዘ ያስረዳሃል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ልጅ በሒሳብ ትምህርት ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል። የዝውውሩ መዝጊያ ቀን በነሐሴ መጨረሻ ግድም ሲደርስ አንድ ቻርጅ ያላት ስልክ የመንደሩ ሁሉ ዐይን ትሆናለች። ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ከፍታው የሚወጣው ሲመለስ፣ ሌሎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁታል። ከሩቅ አረማመዱን አይተው ወሬው ደግ ይሁን ክፉ ለይተው የሚያውቁ አሉ። የጨዋታው ወራት ሲመጣም ዲ.ኤስ.ቲቪ ወደሚታይበት ቤት ይገባል፤ የመግቢያው ብርም ከምሳው ተቀንሶ ይከፈላል። እንግዲህ ያለ ትርፍ የሚከፈል መሥዋዕት ሁሉ ሞኝነት ነው ከተባለ፣ በዓለም ላይ ከፍቅር የሚበልጥ ሞኝነት አይገኝም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ነገር አለ። ጋምቤላ የአኙዋክ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ አገር ነው፤ ከደጋው የመጣውም ሕዝብ ብዙ ነው። በመካከላችን ደም ያፋሰሰ ጠብ የተነሣበት ጊዜ መኖሩን ለመደበቅ አንሞክርም። በዚያ ኳስ በሚታይበት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ግን የአኙዋኩ ልጅና የኑዌሩ ልጅ፣ የደገኛውም ልጅ ተጠጋግተው ሲቀመጡ አይተናል። ጎል ሲቈጠር ማን ከማን እንደ ተቃቀፈ የሚቈጥር የለም። ጠቡ ቢነሣ እንኳ በአርሰናልና በማንቸስተር መካከል ነው፤ እርሱም በሳቅ ይበርዳል። ከሩቅ የመጣ ፍቅር የቅርቡን ጥላቻ ለዘጠና ደቂቃ የሚያስረሳ ከሆነ፣ «ምን ይተርፋችኋል?» ለሚሉት አባቶቻችን የምንመልሰው ይህንኑ ነው።

ከሩቅ ክለብ ጋር የሥጋ ዝምድና ያገኘን የመሰለንም ጊዜ ነበር። በ2014 ጥር ወር፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በበርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም፣ በኤፍ ኤ ዋንጫ ከኮቬንትሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ የአርሰናልን ማልያ ለብሶ ገባ። ዕድሜው ገና 16 ነበር። ስሙን የእንግሊዝ ተናጋሪዎች እያጣመሙ ሲጠሩት እኛ እናቃናላቸው ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰ ማግሥት ስለ ነበር፣ ጌዲዮን ነገ ለእኛ ይሰለፋል ያለ ብዙ ነው። እርሱ ግን ያደገበትን የአሜሪካንን ዜግነት ይዞ ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰለፈ፤ በ2019ም ከአርሰናል ወጥቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። አንወቅሰውም፤ የእኛ ምኞት የእርሱ ዕዳ አልነበረምና።

ዳሩ ግን እዚሁ ጋምቤላ የተወለዱ የኛዎቹ ልጆች ነበሩ። ኡመድ ኡክሪ ከመከላከያና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ እዚያም በልዩ ልዩ ክለቦች ለብዙ ዓመታት ተጫወተ። ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ በ2017 አንዢ ማካቻካላ ወደሚባለው የሩሲያ ክለብ ተዛወረ፤ ብዙ ሳይቈይ ተመልሶ ለመቀሌ ተሰለፈ፤ ኋላም ወደ ግብፅ ሄደ። እነዚህን ዝውውሮች ማን ተከታተላቸው? የጋቶች ውል ስንት ዓመት ነበር? ለምንስ ፈጥኖ ተመለሰ? ብርዱ ነው? ቋንቋው ነው? አሠልጣኙ ነው? የራይስን ዋጋ እስከ ሽርፍራፊው የሚያውቀው ልጅ፣ ከአንድ ወንዝ ውኃ የጠጣው ወንድሙ ስለ ደረሰበት ነገር የሚነግረው አላገኘም። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። የለንደኑን ወሬ በየደቂቃው የሚያመጣ ብዙ ነው፤ የማካቻካላውን ግን ለእኛ ብሎ የሚጽፍ አልነበረም። ሰው የሚወደው የተነገረውን ነው፤ ያልተነገረውን እንዴት ይወድዳል?

ነገሩን ከዚህ ትንሽ እናስፋው። ዝውውር የሚለው ቃል በዚህ አገር ለኳስ ብቻ አልዋለም። በ1902 አጤ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ እስከ 1956ም ድረስ የጣቢያው አስተዳደር በሱዳን በኩል የእንግሊዞች ሆኖ ቈየ። የደጋው ቡና በእንፋሎት ጀልባ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይዛወር ነበር። ስለዚህ የጋምቤላ ልጅ የለንደንን ውሳኔ ሲጠብቅ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1977ቱ ዓ.ም. ድርቅ በኋላም ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተዛውሮ ሰፈረ፤ አቦቦም ከሰፈራው ቦታዎች አንዱ ነበር። እነዚያ ሰዎች ውል አልፈረሙም፤ ማልያ ከፍ አድርገው ፎቶግራፍም አልተነሡም። የነባሩም ሕዝብ ፈቃድ አልተጠየቀም። ዛሬ በአግዳሚው ወንበር ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡት የእነዚህ የሁለቱ ወገን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ግድቡም የራሱ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተሠራ፤ 10 ሺህ ያህል ሄክታር መሬት ያጠጣል ተብሎ ታሰበ። መንግሥቱ ተለወጠ፤ ሶቭየት ኅብረትም ፈረሰች፤ ውኃው ግን ተኝቶ ቀረ። በኋላ ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ሩዝ ሊያመርትበት 10 ሺህ ሄክታር ተከራየ፤ የአልዌሮም ውኃ ለዚሁ ሥራ ተመደበ። እንግዲህ በአንድ ግድብ ላይ ስንት ባለቤት፣ ስንት አሠልጣኝ፣ ስንት ዕቅድ ተፈራረቀ! ይህም ከአንድ ክለብ ታሪክ ያላነሰ ነው። ነገር ግን ከዛፉ ሥር ተቀምጠን «ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ኪራዩ ስንት ነው? ለመንደሩ እርሻና ለዓሣ አጥማጁ የሚተርፈው ውኃ ስንት ነው?» ተባብለን ስንከራከር እምብዛም አልተሰማንም።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ደጋፊዎች አንድ ትምህርት እንውሰድ። በ2021 ሚያዝያ ወር አርሰናልን ጨምሮ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች የአውሮፓ ሱፐር ሊግ የሚባል የባለጸጎች ማኅበር ውስጥ መግባታቸውን አስታወቁ። ደጋፊዎቹ አልተጠየቁም ነበር። ተቈጡ፤ በየስታዲየሙ በር ተሰበሰቡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ስድስቱ ክለቦች እየተከታተሉ ወጡ። አርሰናል ደጋፊዎቹን ይቅርታ ጠየቀ። እኛም በአልዌሮ ሆነን ተቈጥተን ነበር፤ ዳሩ ግን ቍጣችን ከዛፉ ጥላ አላለፈም። ይህ የሩቅ ደጋፊ ዕጣ ነው፤ ሁሉን ያውቃል፤ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ከቤቱ አጠገብ ያለው ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሊያደርግበት ይችላል፤ ግን አያውቀውም።

የማልያውንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በ2018 የሩዋንዳ መንግሥት ከአርሰናል ጋር ተዋውሎ፣ ሩዋንዳን ጎብኙ የሚል ጽሑፍ በእጅጌው ላይ እንዲታይ አደረገ። እውነተኛውም ሆነ አስመስለው የሰፉት፣ ማልያው አቦቦ ድረስ መጥቷል። የአልዌሮ ልጅ ሳያውቀው የሌላ አፍሪካዊ አገር ማስታወቂያ ተሸክሞ በግድቡ ዳር ይሄዳል። ሩዋንዳን መጎብኘት መልካም ነው። ነገር ግን ያ ልጅ የቆመበትን ውኃ፣ ዓሣውንና ወፉን፣ ሲመሽም በውኃው ላይ የሚወርደውን ቀይ ፀሐይ ጎብኙ የሚል ጽሑፍ በማንም እጅጌ ላይ አላየንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኳሱን ተዉት የሚል ምክር ከእኛ አይጠበቅም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረትም ለዚህ አንጠቅሰውም፤ የሩቁን ዘመድ ያፈቀረ ልብ ለጎረቤቱም ቦታ አያጣምና። የምንለው ሌላ ነው። አንድን ክለብ በመውደድ ብቻ ሒሳብ መመርመር፣ ውል ማንበብ፣ ያለፈውን ከአሁኑ ማነጻጸር፣ የአስተዳዳሪን ሥራ መመዘን የቻለ ወጣት አለን። ማንም ሳያስተምረው ተማረው። ይህ ችሎታ ከለንደን ወደ አቦቦ ቢዛወር የዝውውሩ ዋጋ ስንት ይሆን?

ስለዚህ ለጋምቤላ ልጆችና ለመላው የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። በግራው ገጽ የምንወደውን ክለብ ዝውውር እንጻፍ፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ በስንት። በቀኙ ገጽ የወረዳችንን እንጻፍ፤ የወረዳው ቡድን ስንት ኳስ አለው? ሜዳው የማን ነው? ከመካከላችን ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር የወጡት ተጫዋቾች እነማን ናቸው? ምንስ ደረሰባቸው? ግድቡ ዘንድሮ ምን ያህል ሞላ? ውኃው ወዴት ሄደ? የቀኙ ገጽ ለመሙላት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። የወረዳውን ጽሕፈት ቤት፣ ሽማግሌዎችን፣ ዓሣ አጥማጆችን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በስልክ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ ይህች መጽሔት ቦታ እንደማትነፍጋቸው ተስፋ እናደርጋለን።

አርሰናል በ2023፣ በ2024ና በ2025 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ ሲወጣ ከዛፉ ሥር የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። በየዓመቱ «ለከርሞ» ብለን ተለያየን። ለአንድ ክለብ ይህን ያህል መታገሥ የቻልን ሰዎች ለአንድ ወረዳም የምንታገሥበት አቅም አናጣም።