ቤቱን ማሰናዳት

ነሐሴ 28
ዛሬ ለእርግዝና ክትትል ጤና ኬላ ደርሼ መጣሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክብደቴን መዘነች፣ የአይረን ኪኒኑን ሰጠችኝ። አንዲት ባልደረባዬ «የጡትሽን ጫፍ ከአሁኑ በሻካራ ጨርቅ እሺው፣ ይጠነክራል» ብላኝ ስለነበር ጠየቅኳት። ሳቀች። «ተይው። ማሸቱም በሳሙና መፈተጉም ቆዳውን ከማድረቅና ከማቁሰል በቀር ጥቅም የለውም። ጡቱ ራሱን እያሰናዳ ነው፤ አንቺ ቤትሽን አሰናጂ።»

ጉሙ ገደሉን ሞልቶት አባያ ሐይቅ ዛሬም አልታየም።

ጳጉሜን 3
አማቴ ልጆቻቸውን ሁሉ ወልደው ያሳደጉት በዚሁ ቤት ነው። «የመጀመሪያው ወተት ታልቦ ይደፋል፤ ቢጫ ነው፣ ሆድ ይቆርጣል። እስኪጠራ ድረስ ቅቤ እናልሰዋለን» አሉኝ። እኔም የተማርኩትን ነገርኳቸው፦ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ ቢጫው እንገር ትንሽ ቢሆንም የሕፃኑም ሆድ ትንሽ እንደሆነ፣ ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ እንደሆነ። አዳመጡኝ እንጂ አልተቀበሉኝም።

ማታ ላሟን ሲያስሩ «እናቴ፣ ላሟ ስትወልድ እንገሩን ለጥጃው ይከለክሉታል?» አልኳቸው።
«ምን ማለትሽ ነው! ጥጃው በምን ሊቆም?»
ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ቅቤው ግን በጣት ጫፍ ያህል ቢቀምስ ምን ይለዋል፣ ልጄ?» አሉ።

መስከረም 6
ጎረቤታችን በቅርቡ ወልዳ ተነስታለች። ስታጠባ ልይ ብዬ ሄድኩ፤ ከጤና ኬላው ሥዕል ይልቅ ከእሷ ተማርኩ። ሕፃኗን ሆድ ለሆድ አስጠግታ ያዘቻት። እሷ አላጎነበሰችም፤ ልጅቷን ወደ ጡቱ አመጣቻት። በጡቱ ጫፍ ከንፈሯን ነካ ነካ ስታደርጋት አፏ እንደሚያዛጋ ሰው ወለል አለ፤ ያኔ አጎረሰቻት። አገጯ ጡቱ ላይ ተለጠፈ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለው ክፍል ከላይ ሲታይ ከታች ግን ተሸፈነ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ሳበች፣ ከዚያ ረጋ ብላ ስትውጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። «ካመመሽ አያያዟ ልክ አይደለም፤ ችለሽ እንዳትቀጥዪ» አለችኝና ትንሿን ጣቷን በልጅቷ አፍ ጥግ አስገብታ አላቀቀቻት። መጎተት የለም። ልጅቷ በጣም ተቆጣች።

የጎረቤቴ ጉንጭ ላይ ጠባሳ አለ፤ በሌላው አገር ቁንጭር የሚሉት ነው። መንደራችን ኦቾሎ በሐኪሞች ዘንድ ስሟ የሚነሳው በዚሁ በሽታ ነው። ተሐዋሲው በቋጥኞቹ መሀል በሚኖሩት ሽኮኮዎች ውስጥ ይቆያል፣ ከእነሱ ወደ ሰው የምታደርሰው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ናት። ስለዚህ ማታ ማታ የማጠባው አጎበር ውስጥ ሆኜ ነው።

መስከረም 11
የወሊድ ፈቃድ ማመልከቻዬን አስገባሁ። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለኝ። ጤና ኬላው ደግሞ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም እንዳይቀምስ ይላል። የሁለቱም ማኅተም የመንግሥት ነው፤ መሀል ላይ የምትቀረው 3 ወር የማን እንደሆነች ግን የጻፈ የለም። አዋጁ በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ይኑር ይላል፤ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግን የመምህራን ማረፊያም የለም።

በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት እናቶች ምክር ስላልሰሙ ነው የሚል ካለ፣ ከታች ከላንቴ ሸክም ይዞ ይህን ዳገት ይውጣና እንነጋገር።

አማቴን በእረፍት ሰዓት ልጁን ትምህርት ቤት ያመጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ማን ሊያመጣው ኖሯል?» አሉ።

መስከረም 17
የልጄ አባት ሽመና ከሚሠራበት ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ትናንት ገባ። ሸማኔው ሁሉ ለመስቀል ስለሚገባ መኪና አጥቶ ተንገላቷል። ለእናቱ ነጠላ፣ ለእኔ ጡጦና አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት አመጣ። ጣሳው ላይ የእናት ጡት እንደሚበልጥ ተጽፏል፤ ይህ እንዲጻፍ የሚጠይቀው በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ነው።
«አንብበኸዋል?» አልኩት።
«ዋጋውን ነው ያነበብኩት።»
ለክፉ ቀን ብሎ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ሕፃኑ ጣሳ በለመደ ቁጥር ጡት መሳቡን ይቀንሳል፣ ጡቱም ካልተሳበ ወተቱን ይቀንሳል። ይህን ስነግረው የበዓሉ እንግዶች ስለነበሩ ጣሳው ተከፍቶ ለሻይ ሆነ።

መስከረም 21
ዛሬ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። አዲስ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ እስከ 6 ሰዓት ይሄዳል። ታዲያ ውሃውን ማን ይቅዳ፣ እንሰቱን ማን ይፋቅ? አማቴ ወተት እንዲበዛልኝ ሽፈራው እየቀቀሉልኝ ነው። ሽፈራው ጥሩ ምግብ ነው፤ ጄሪካን ግን አይሸከምም።

ባለቤቴ ራሱን አከከና ወደ አዲስ አበባ መመለሱን ትቶ ሽመናውን ለጊዜው እዚሁ ሊሠራ፣ ውሃውንም እሱ ሊቀዳ ተስማማ። እንሰት መፋቅ ግን የሴት ሥራ ነው አለ፤ ለዚያ ሰው በገንዘብ ይገባል። አማቴ «ወንድ ልጄ ጄሪካን አዝሎ ሰው ሲያየው ምን ይባላል?» ብለው ነበር። ስለዚህ ሳይነጋ እየወጣ ነው። ምንጩ ጋ ሁለት ሌሎች ሸማኔዎች አግኝቷል።

ጥቅምት 5
ነገ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እወርዳለሁ፤ ምጥ ሲመጣ በዚህ ድንጋይ ላይ በቃሬዛ መውረድ አልፈልግም። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ነጠላ፣ የሕፃን ልብስ፣ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ፣ ለገንፎ የሚሆን ቡላ አለ። ከሥር በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አገኘሁ። አማቴን ቀና ብዬ አየኋቸው።
«ለገንፎሽ ነው» አሉ።
አብረውኝ ስለሚወርዱ ላሟን የምታልበው ጎረቤታችን ናት። ቁልፉን ወስዳለች።