የጨው ነገር

ወደዚህ ቀበሌ ስንመጣ የያዝነው ደብተርና ጠመኔ ብቻ ነበር። ስለ ጨው እናስተምራለን ብለን አላሰብንም። ነገር ግን አንድ ማታ ፊደል ከመጀመራችን በፊት አንዲት እማማ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጨው አምጥተው ፊታችን ፈቱት። ጨዉ አፈር ነበረበት።

«ልጆቼ፣ ገበያ ላይ አፈር ሸጡልኝ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ መላ በሉ» አሉን።

መላው አልጠፋንም። ጨዉን በውሃ አሟሟነው። ትንሽ ስናቆየው አፈሩ ዘቀጠ። ከላይ ያለውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልነው። ከዚያ ድስት ላይ ጥደን፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ አፈላነው። ከድስቱ ሥር ነጭ ጨው ቀረ። እማማ ቀመሱና ሳቁ። እኛም ደስ አለን፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራን።

በዚያው ማታ ሰሌዳው ላይ «ድብልቅ» ብለን ጻፍን። ጨውና አፈር ድብልቅ ናቸው። አብረው ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይለውጠውም። ሰርገኛ ጤፍን አስቡ። ነጩም ነጭ ነው፣ ቀዩም ቀይ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ፍሬ በፍሬ ሊለየው ይችላል። ነጩ ቢበዛም፣ ቀዩ ቢበዛም ያው ሰርገኛ ነው። ጨው የሟሟበት ውሃም እንዲሁ ድብልቅ ነው። ዓይን አያየውም እንጂ ምላስ ያውቀዋል።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን አልረኩም። «አፈሩንስ ለያችሁ። ጨዉ ራሱ ከምንና ከምን ተደባለቀ?» ብለው ጠየቁን።

ጨው አልተደባለቀም፤ ተዋሕዷል። ሁለት ነገሮች አንድ ሆነው የሠሩት ነው። አንደኛው ሶዲየም ይባላል። በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው። ውሃ ሲነካው ይንጣጣል፣ እሳትም ሊያነሳ ይችላል። በ1807 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሶዲየምን በኤሌክትሪክ ኃይል ከኮስቲክ ሶዳ ለይቶ አወጣው። ሁለተኛው ክሎሪን ነው። አረንጓዴና ቢጫ የሚመስል መርዘኛ ጋዝ ነው። በ1915 በዓለም ጦርነት ጊዜ ቤልጅግ አገር ውስጥ ወታደር ጨርሶበታል።

አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ደነገጠች። «እንዴ! ታዲያ በወጣችን የምንጨምረው መርዝ ነው?»

አይደለም። ሁለቱ ሲዋሐዱ የየራሳቸውን ጠባይ ትተው ሌላ ነገር ሆነዋል። ይህ «ውህድ» ይባላል። መጠኑም እንደ ሰርገኛው ጤፍ እንደ ፈለገ አይሆንም። ከአፋር ይምጣ ከባሕር፣ በ100 ግራም ንጹሕ ጨው ውስጥ ወደ 39 ግራም ሶዲየምና ወደ 61 ግራም ክሎሪን አለ። በወንፊት፣ በማጥለል ወይም በማፍላት አይለያዩም። የማረሻ ዝገትም ውህድ ነው። ብረቱ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ ዝገት ሆኗል፤ ዝገቱን አፍጭታችሁ ብታነፉት ብረቱን መልሳችሁ አታገኙም።

እዚህ ላይ ብናበቃ መልካም ነበር። ግን ጨው ማጽዳቱ በመንደሩ ወሬ ሆነ። በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣችና፣ «ምን ብላችሁ ነው ያስተማራችኋቸው? ሴቶቹ የታሸገውን ጨው እያጠቡ ውሃውን ይደፋሉ!» ብላ ተቆጣችን።

አፈርን። የታሸገው ጨው አዮዲን አለበት። በፋብሪካ ፖታሲየም አዮዴት የሚባል አዮዲን ያለበት ውህድ በጨዉ ላይ ይረጫል። ከጨዉ ጋር ግን አልተዋሐደም፤ ተደባለቀ እንጂ። ስለዚህ ሲታጠብ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ድብልቅ ይለያል ብለን ያስተማርነው እኛው ነን፣ ይህን ግን ልብ አላልንም።

የሚያስፈልገን አዮዲን በጣም ጥቂት ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ 150 እጅ ይበቃዋል። ግን በደጋው አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል፣ እህሉም ያንሰዋል። አዮዲን ሲጠፋ አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። ይባስ ብሎ እናቲቱ እርጉዝ ስትሆን ካጣችው የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። ያ የኮራንበት ነጭ ጨውም አዮዲን አልነበረበትም። አፈሩ ወጣ እንጂ የጎደለው አልተሞላም።

በማግስቱ ማታ ተሳስተናል ብለን ተናገርን። የታሸገ ጨው አይታጠብም። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። ወጥ ውስጥ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ነው።

እማማ ዝም ብለው ሰሙን። «እናንተም ትሳሳታላችሁ ለካ» አሉ። ከዚያ ከመቀነታቸው አንድ የጨው ከረጢት አወጡና ወደ ኩራዙ አስጠጉት። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ፣ «አ… ዮ… ዲ… ን…» ብለው አነበቡ። «አዮዲን! አለው!»