ከጊች የወረደው ገብስ

ለጥምቀት ጎንደር ሄዶ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስ የቤታችን ልማድ ነው። በጥር 2011 ግን የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን «ጭላዳ ሳላይ አልመለስም» አለች። እኔና ባለቤቴ ሁለት ቀን ፈቃድ ጨመርንና ወደ ሰሜን ተራሮች ጉዞ ጀመርን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ መግቢያውን ከፍላችሁ፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ወፍራም ልብስ አትርሱ። እኛ ረስተን ለልጅቷ ከደባርቅ ገበያ ጋቢ ገዛንላት፤ ከዚያ በኋላ ከላይዋ አልወረደም።

መኪና ጊች አይደርስም። ከመንገዱ ወርደን፣ የጅንባርን ሸለቆ ተሻግረን ዳገቱን ወጣነው፤ ልጅቷ በበቅሎ፣ እኔ በምሬት። ጊች 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ1,200 ሜትር ያህል ይበልጣል። ትንፋሽ ያጥራል። አናቱ ላይ ስትደርሱ ግን ድካሙ ይረሳል፦ ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል፤ ጭላዳዎቹ በቡድን በቡድን ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥም ደንታ የላቸውም። ልጄ ጋቢዋን ተከናንባ መሃላቸው ተቀመጠችና ለአንድ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ ዝም ብላ ያየኋት ተኝታ ብቻ ነው።

የእኔን ዓይን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሣሩ ሥር መስመሮች ይታያሉ። የተለቀመ ድንጋይ ክምር፣ የቤት መሠረት፣ የማሳ ድንበር። አስጎብኚያችንን «ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የእኛ ማሳ ነው። ገብስ ነበር» አለኝ። ለካ እዚያው ጊች ነው የተወለደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። የጊች ሰዎች ደግሞ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ ከፓርኩም ከዩኔስኮም በፊት ገብሳቸውን ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ዋልያው ሲመናመን፣ እርሻውና ግጦሹ ሲሰፋ፣ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1996 «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሚሆኑ የጊች አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ እኔም ቸኩዬ ነበር። አፈሩ ራሱ ይመሰክራል። ሃንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ምሁር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዚህ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ እኛ በተሻገርነው በጅንባር ሸለቆ የአፈር መሸርሸርን አጥንቷል። በተራራ ጎን ላይ የሚታረስ መሬት፣ ተፈጥሮ ከምትተካው በብዙ እጥፍ የበለጠ አፈር ያጣል። ሰውየው በዚህ አላቆመም። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከግብርና ሚኒስቴርና ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ከገበሬው ማሳ በየዝናቡ የሚታጠበው አፈር እየተመዘነ፣ የትኛው እርከን እንደሚያዋጣ ተፈተነ። ዛሬ በየመንገዱ ዳር የምናየው እርከን ከኋላው እንዲህ ያለ ልፋት አለው።

ሣሩ ወደ ጊች መመለሱ ስለዚህ ደግ ነው። ገብሱስ የት ሄደ?

በማግስቱ ማታ አስጎብኚያችን ደባርቅ ወዳለው የአክስቱ ቤት ወሰደን። ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጠባብ፣ ንጹሕ ቤት ነው። አክስቱ ልጄን አገላብጠው ሳሙና «አላህ ያሳድግልሽ» አሉኝ። ወዲያው በሶ በጨውና በበርበሬ ተለውሶ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ እየተጨበጠ ቀረበ። አዲስ አበባ በሶ ስሰጣት ፊቷን የምታዞረው ልጅ ሦስት ጭብጥ በላች። ሥራዬ ዕቃ ማስተዋወቅ ስለሆነ፣ «የተራራ ገብስ» ብሎ አሽጎ ሱፐርማርኬት ማስገባት ነው እያልኩ በልቤ ማሸጊያውን መንደፍ ጀምሬ ነበር። ሴትዮዋ ተነሥተው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ሃይላንድ አወረዱ። እስከ አንገቱ ዘር ሞልቶበታል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሐምራዊ የሚመስልም አለበት።

«የሚሸጠው ዱቄት የገበያ ነው። የጊች ይኼ ነው» አሉኝ።

ለምን በየቀለሙ እንደማይለዩት ጠየቅኋቸው።

«ውርጭ ሲመታ አንዱ ይተርፋል፤ ዝናብ ሲበዛ ሌላው ያፈራል። ለይቼ ብዘራ ዓመቱ እንዴት እንደሚውል ማን ነግሮኝ?»

ደባርቅ አካባቢ ከዘመድ ጋር የእኩል ዘርተውት ነበር። አገዳው ረዘመና ተኛ። የተረፈው ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ደረሰና ወፍ ለቀመው። ደባርቅና ዳባት ላይ ገበሬው ለቢራ የሚሆን የብቅል ገብስ ያመርታል፤ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ ኤችቢ 1307 ያሉ የምግብ ገብስ ዝርያዎችም አሉ። ጥሩ ዘሮች ናቸው። ነገር ግን ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጊች ውርጭ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ላይ ዘር ሲመርጡ የኖሩት እንደ እኒህ ሴት ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ብዛት አይቶ ተደንቋል፤ ዘርም ሰብስቦ ሄዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ የእሱ ተቋም ሠራተኞች በእህል ዘር መካከል እያሉ በረሃብ ሞቱ፤ ዘሩን አልበሉትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ገብሳቸውን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ሲያስቸግራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ፈተኑ፤ በሽታውን ከተቋቋሙት ከሞላ ጎደል ሁሉም የኢትዮጵያ ሆነው ተገኙ።

እኛም የራሳችን ማከማቻ አለን። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ አዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር፣ ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎችን ይዟል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ግን ማቀዝቀዣ ስለሞሉ ብቻ አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ የገበሬው ዘር በገበሬው ማሳ ላይም መቆየት አለበት ብለው ሠርተዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር እንደተኛ ይቆያል። ማሳ ላይ ያለው ግን ከየዓመቱ ውርጭና በሽታ ጋር እየታገለ ይለወጣል፤ መራጭ እጅም ያገኛል።

ይህን ለሴትዮዋ እንደምንም አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ማቀዝቀዣው ውስጥ ሲያረጅስ?» አሉ። የመብቀል ኃይሉ ሲቀንስ እንደገና ዘርተው እንደሚያድሱት ነገርኳቸው። «የት ነው የሚዘሩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጄ በረንዳችን ላይ የምትተክለው ጥቂት ፍሬ ለመነች። እንቢ አሏት። በሳቅ ነው፣ ግን እንቢ። በምትኩ አንድ ኪሎ በሶ በፌስታል ቋጠሩላት፤ ልክፈል ብል ተቆጡኝ። ከዚያ ሃይላንዱን ይዘው ወደ አስጎብኚያችን ዞሩ። ከፓርኩ ውጭ፣ ደጋ ላይ፣ አሁንም የሚያርስ ዘመድ አላቸው። ግማሹን በሌላ ጠርሙስ ገልብጠው ሰጡት፤ የቀረውን ክዳኑን አጥብቀው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

«ግንቦት ሳይጋመስ አድርስልኝ» አሉት። «እዚያ ላይ ቶሎ አይደርስም፤ ቀድሞ መግባት አለበት።»